የአማቴ ቪዛ እና ከጨረቃ በኋላ የነገሠው ንጉሥ

ሰዎች፣ ዛሬ በገዛ ኮሪደሬ፣ በገዛ ልጄ አፍ፣ እንግዳ ፊት ጉድ ሆኛለሁ። መሳቅ ይፈቀዳል። ከሳቃችሁ በኋላ ግን የምጠይቃችሁ ነገር ስላለኝ እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ለማታውቁኝ፣ የምንኖረው በሰው አገር፣ ፖይንት ኩክ የሚባል ሰፈር ነው። እኔ ከነዘር ማንዘሬ ካቶሊክ የሆንኩ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ባሌ የጎንደር ኦርቶዶክስ ነው። (ስንጋባ ከሁለቱም ወገን የተባልነውን እዚህ ብጽፈው አካውንቴ ይዘጋል።) እግዜር ይስጠው፣ የዘጠኝ ዓመቷን ማርታን ቤት ውስጥ እንዳስተምራት፣ ያውም በካቶሊክ ካሪኩለም፣ እሺ ብሎኛል።

በአንድ ኮንዲሽን። እናቱ ቅር እንዳይላቸው።

እናቱ እማማ ጥሩወርቅ በቪዚተር ቪዛ መጥተው አብረውን ናቸው። እኔ አረጋውያን ወደምንከባከብበት ኤጅድ ኬር ሺፍት ስገባ ማርታን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። ባጭሩ እማማ ከተቀየሙ ሆምስኩል አበቃ፤ ማርታ ዩኒፎርም ትለብሳለች።

አሁን ወደ ጉዴ።

የገዛሁት የታሪክ ካሪኩለም በአራት ተርም ዓለምን ይዞራል። ከፍጥረት ይነሳና ሮም፣ መካከለኛው ዘመን እያለ ጨረቃ ላይ ያደርሳችኋል። ኢትዮጵያ የለችበትም ማለት ይቀላል። ስለዚህ ራሴ ካርድ እየጻፍኩ በየቦታዋ ሰካኋት። ሁሉንም በማስኪንግ ቴፕ ከመግቢያው በር እስከ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ እስከ ሎንድሪው ድረስ ኮሪደሩ ላይ ለጠፍኩት። ፎቶውን እዚሁ ፖስት አድርጌ ላይክ ሰብስቤበታለሁ፣ ታስታውሱ ይሆናል።

ከዚያ ተርም ሦስት ላይ ደረስኩ። አሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን።

ታውቁታላችሁ። ካቶሊክ የሆነው ንጉሥ፣ የፖርቹጋል ቄሶች፣ ዐዋጁ፣ ገበሬው ያለቀበት ጦርነት። ለካቶሊክ ልጅ ታሪኳ ነውና መዝለል አይቻልም። ለጎንደር አማት ግን ትናንት የተፈጸመ በደል ነው።

ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የእማማ ቪዛ መቼ እንደሚያልቅ አየሁ። መስከረም። የንጉሡን ካርድ ከቦታው ነቀልኩና ተርም አራት መጨረሻ ላይ፣ ሰው ጨረቃን ከረገጠ በኋላ፣ ሎንድሪው በር አጠገብ ለጠፍኩት። እዚያ እስክንደርስ እማማ ጎንደር ገብተዋል!

ጂኒየስ ነኝ ብዬ ነበር። አትፍረዱብኝ።

እማማ ክረምቱን የሚያሳልፉት እዚያው ኮሪደር ላይ ነው። የሂቲንጉ ሙቀት የሚወጣው እዚያ ወለል ላይ ስለሆነ፣ ትንሽ ወንበር አስጠግተው ነጠላቸውን እግራቸው ላይ ዘርግተው ይሞቃሉ። ካርዱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አላሰጋኝም ነበር።

ዛሬ ከሰዓት የቁምስናችን ሆምስኩል እናቶች ተርም ሦስትን ፕላን ልናደርግ እኔ ቤት ተሰበሰቡ። መሪያችን ሊሲ የምትባል ህንዳዊት ነርስ ናት፤ ከዓይኗ የሚያመልጥ የለም። ከመግቢያው ጀምራ ግድግዳውን እያደነቀች መጣች፣ መጣችና ሎንድሪው ጋ ቆመች።

«ይሄ ንጉሥ ከጨረቃ በኋላ ምን ይሠራል?» አለች በእንግሊዝኛ። «ሮኬቱ አምልጦት ነው?»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ደግሞ ሰው ሲስቅልኝ ማቆም አላውቅበትም። እጄን እያወናጨፍኩ፣ በእንግሊዝኛ፣ አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩት። የአማቴ ቪዛ መስከረም ላይ ያልቃል፣ ንጉሡ የሚነግሠው ከዚያ በኋላ ነው አልኩ። ሊሲ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እሷም አማት አላት።

እማማ ሰው ሲስቅ አብረው መሳቅ ይወዳሉ። ከወንበራቸው ሳይነሱ እየሳቁ፣ አጠገባቸው ወደተቀመጠችው ማርታ ዞሩና «ምን አለች እናትሽ?» አሏት።

ወገኖቼ፣ ይቺ ልጅ በአማርኛ ሳናግራት «ያህ»፣ «ኖ ማም»፣ «ኢን አ ሚኒት» የምትለኝ ልጅ ናት።

«እማማ፣ እርስዎ አገርዎ እስኪገቡ ድረስ ካቶሊኩን ንጉሥ ደብቄዋለሁ ነው የምትለው» አለች። «እንዳይቆጡ ብላ ነው።»

እርስዎ! ከነአክብሮቱ!

ለካ ኮሪደሩ ላይ አብረው ሲሞቁ ነው የተማረችው። ካሪኩለም የለው፣ ካርድ የለው።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? የእማማ ሳቅ ቆመ። ሊሲ አማርኛ ባታውቅም የአማት ፊት አስተርጓሚ አይፈልግም፤ እናቶቹ ጫማቸውን አጥልቀው አንድ በአንድ ሹልክ አሉ። እኔ በሐሳቤ ለማርታ ዩኒፎርም እየለካሁ ነበር።

«የምሄድበትን ቀን ትጠብቂ ነበር?» አሉኝ።

«ኧረ እማማ፣ ታሪኩን ፈርቼ ነው እንጂ…»

«ታሪኩን ከእናቴ ሰምቼዋለሁ። ልጅሽ ካቶሊክ ሊያገባ ነው ሲሉኝም አልቅሻለሁ፣ አልዋሽሽም። ዛሬ የከፋኝ ግን ካቶሊክነትሽ አይደለም። ቤቴ ነው ብዬ የተቀመጥኩበት ላይ እንግዳ ስላደረግሽኝ ነው።»

ይህን ሲሉ አላለቀሱም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱም እውነታቸውን ነው፤ ልጄን አምኜ የሰጠኋቸውን ሴትዮ በቪዛ ነበር የምለካቸው።

ከዚያ ብድግ አሉ። በቃ፣ ለባሌ ሊደውሉ ነው ስል፣ ቀጥ ብለው ወደ ሎንድሪው ሄደው ንጉሡን ከነግድግዳው ቀለም ላጡት። (ቤቱን ያከራየን ኤጀንት ለኢንስፔክሽን ሲመጣ እሱን እናወራለን።)

«ማርቲ፣ ቦታው የት ነው?»

ማርታ አሳየቻቸው። አጣመው ለጠፉት።

«እሱ እንኳ ሕዝቡ ሲያልቅ አይቶ ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀ» አሉኝ። «አንቺ አንድ ወረቀት መልቀቅ አቃተሽ። ይሄን እኔ አስተምራታለሁ። አንቺ የወገንሽን ትነግሪያታለሽ፣ እኔ የወገኔን። ፍርዱን ለሷ ተይላት።»

ተርም ሦስት የሚጀምረው ሰኞ ነበር። እማማ ግን እዚያው ሂቲንጉ ላይ ጀመሩት። አንድ ጊዜ «ፖርቹጋሎቹ እኮ ቀደም ብሎ ረድተውን ነበር» ብዬ ጥልቅ ስል «ተራሽ አልደረሰም» ተባልኩ። ማርታ ደግሞ «ከዚያስ እማማ? ከዚያስ?» ትላለች። በአማርኛ።

ዕድሜ ልኬን የታሪክ ጸሐፊዎች ያዳላሉ እያልኩ ሳማ ኖሬ፣ የዓለምን ታሪክ የአንዲት አሮጊት ቪዛ እያየሁ የደረደርኩ እኔ ነኝ። እናንተ ከኔ ተሻሉ።

አሁን ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የእማማ ትምህርት በተርም ሦስት የሚያልቅ አይደለም። ከዚያ ንጉሥ ቀጥሎ ልጁ አለ፣ ከልጁ ቀጥሎ የጎንደር ግንቦች አሉ፣ እሳቸው ደግሞ አንዱንም ግንብ የመዝለል ሐሳብ የላቸውም። መስከረም አይበቃንም።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። ቪዚተር ቪዛ ለማራዘም ምን ያህል ቀደም ብሎ ነው አፕላይ የሚደረገው? የምታውቁ ንገሩኝ።

ለካሪኩለሙ ነው።