ያልፈካው የሰይፈ ሐረግ

[ሐርጌሳ፣ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር፣ ቀትር ካለፈ በኋላ። የአንድ ረድኤት ድርጅት የግብርና አማካሪ የሆነው ሰይፈ የአትክልት መቀስ ይዞ መሰላል ላይ ወጥቷል። አጥሩን የሸፈነውን ሐረግ ሊቆርጥ ነው። ድሬዳዋ ያደገው ጎረቤቱ ዓብዲናሲር መሰላሉን ይዞ ይነቀንቃል።]

ዓብዲናሲር፦ መሰላሉ የእኔ ነው፤ ውረድ አቦ።

ሰይፈ፦ አውሰኸኛል እኮ።

ዓብዲናሲር፦ አምፖል ልቀይር ብለህ ነው የወሰድከው። ለነፍስ ግድያ አላዋስኩህም።

ሰይፈ፦ የምን ነፍስ? ቅጠል ብቻ ነው። አጥሩን ሙሉ ወርሶ አንዲት አበባ አላሳየኝም።

ዓብዲናሲር፦ ስሙ ማን ነበር ያልከኝ?

ሰይፈ፦ ሞርኒንግ ግሎሪ።

ዓብዲናሲር፦ ሞርኒንግ ጠዋት ማለት አይደል?

ሰይፈ፦ ስም ነው፤ አትመራመር። ሳይንሱን ለእኔ ተወው። የስኳር ድንች ዘመድ ነው።

ዓብዲናሲር፦ ታዲያ ሥሩን ቆፍረን ለምን አንቀቅለውም?

ሰይፈ፦ ዘመድ ሁሉ አንድ ነው እንዴ? አንተ መሰላል አለህ ተብሎ ዘመዶችህ ሁሉ መሰላል አላቸው?

ዓብዲናሲር፦ [አሰብ አድርጎ] አጎቴ ሁለት አለው።

ሰይፈ፦ ፈጣሪዬ! ስማኝ። ሚስቴ ሔመን ነገ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ዘሩን የሰጠችኝ እሷ ናት። "አበባ በሌለበት ከተማ ሥራዬን ለቅቄ አልኖርም፤ ይሄን ካፈካህ ግን ጠቅልዬ እመጣለሁ" ብላኛለች። እኔ ደግሞ ብቻዬን መኖር ሰልችቶኛል። ባዶ ሐረግ ከምታይ፣ ፍየል በላው ብላት ይሻላል።

ዓብዲናሲር፦ የማን ፍየል?

ሰይፈ፦ የአንተ።

ዓብዲናሲር፦ የፍየሌን ስም አታጥፋ። ይልቅ እውነቱን ንገረኝ፤ የምትቆርጠው ዓይን ፈርተህ ነው፣ አይደል?

ሰይፈ፦ የምን ዓይን?

ዓብዲናሲር፦ የሰው ዓይን ነዋ። አትስጋ፤ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት ስንመለስ ሁላችንም ማሻአላህ ብለን ነው የምናልፈው።

ሰይፈ፦ እዚህ አጥር ሥር ትቆማላችሁ?

ዓብዲናሲር፦ ጎረቤታችን ዓብዲከሪምማ ፎቶ ሳይነሳ አያልፍም።

ሰይፈ፦ እየሳቀ?

ዓብዲናሲር፦ ፎቶ ሲነሳ የማይስቅ ማን አለ?

ሰይፈ፦ ይኸው! የሰፈሩ መሳቂያ ሆኛለሁ። ልቀቅ መሰላሉን።

ዓብዲናሲር፦ ምኑ ነው የሚያስቀው? አጥርህ ሰማይ መስሎ!

ሰይፈ፦ ምኑ ነው ሰማይ የሚመስለው?

ዓብዲናሲር፦ አበባው ነዋ፣ ሰማያዊው።

ሰይፈ፦ የታለ? እስቲ አንድ አሳየኝ።

ዓብዲናሲር፦ አሁንማ ከድኗል። ሐርጌሳ ውስጥ በቀትር ያልዘጋ ማን አለ? እኔም ሱቄን ዘግቼ ነው የመጣሁት።

[ሰይፈ መቀሱን ቀስ ብሎ ዝቅ ያደርጋል።]

ሰይፈ፦ ጠዋት... ይፈካል?

ዓብዲናሲር፦ ጎሕ ሲቀድ ይፈካል፤ ፀሐይ ሲበረታ ይከደናል። አንተ ስንት ሰዓት ነው የምትነሳው?

ሰይፈ፦ እኔ እንኳ ከቤት ነው የምሠራው። የሐረጉን ሞኒተሪንግ የማካሂደው ከቁርስ በኋላ ነው።

ዓብዲናሲር፦ ማታ ጫት ላይ አምሽተህ፣ ቁርስህን እኛ ምሳ ስንበላ ነው የምትበላው።

[ሰይፈ ተንደርድሮ ከመሰላሉ ይወርዳል።]

ሰይፈ፦ ዓብዲናሲር ወንድሜ፣ የዓብዲከሪምን ፎቶ ፈልግልኝ። አሁኑኑ ለሔመን ልላክላት።

ዓብዲናሲር፦ ምን ያደርግላታል? ሚስቴ ሳጋል በየንጋቱ ትልክላት የለ?

ሰይፈ፦ በየንጋቱ? እኔ እኮ "ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ ሥሩ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ አንድም አልፈካም" እያልኩ ነው ስነግራት የከረምኩት።

ዓብዲናሲር፦ እሱ ነው ግራ ያጋባት። ዛሬ ሳጋልን "ባሌ ዓይኑን ታሟል እንዴ?" ብላ ጠየቀቻት።

ሰይፈ፦ ሳጋልስ ምን አለቻት?

ዓብዲናሲር፦ አረጋጋቻት። "ዓይኑስ ጤነኛ ነው፤ የሚገለጠው ግን አበባው ከተከደነ በኋላ ነው" አለቻት።

[ሰይፈ መሰላሉ ሥር ቁጭ ይላል።]

ሰይፈ፦ አለቀልኝ። አትመጣም በለኛ።

ዓብዲናሲር፦ ኧረ ጠቅልላ ነው የምትመጣው። ብቻ አንድ ነገር ጠይቃለች።

ሰይፈ፦ ምን?

ዓብዲናሲር፦ ሐርጌሳ ውስጥ አውራ ዶሮ የት እንደሚሸጥ።