ደኔን ለቆጣሪው ዳስ ያደረጉት አጎቴ

አገራችንን የጎዳት ድርቅ አይደለም፤ እንግዳ አክባሪነት ነው። «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» አትበሉኝ። የደረሰብኝን ስሙና ፍረዱኝ።

የምኖረው ወልቂጤ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። አገና አጠገብ ደግሞ አባቴ የተወልኝ የባሕር ዛፍ ደን አለችኝ... ነበረችኝ ልበል መሰል። ደን ስላችሁ ጅብ የሚጮህባት እንዳትመስላችሁ። አንዱ ጫፍ ላይ ቆሜ ባስነጥስ ከሌላው ጫፍ «ይማርህ» የምባልባት ናት። አባቴ የተከላት እኔ በተወለድኩበት ዓመት ስለሆነ ግን እንደ እህቴ ነው የማያት።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ የወረዳው ግብርና ሰዎች «አነስተኛ የግል ደን ያላችሁ ተመዝገቡ፣ መንግሥት ይደግፋችኋል» አሉ። የተመዘገበ ሰው የጽድና የዝግባ ችግኝ ይሰጠዋል፣ ባለሙያ ይመክረዋል፣ የደን ባለቤትነት ወረቀትም ያገኛል። መስፈርቱ አንድ ብቻ ነው፦ ባለሙያው መጥቶ የቆሙትን ዛፎች በዓይኑ አይቶ ይቆጥራል። እኔም ወረቀቷን በመስታወት አስገጥሜ ሳሎን ልሰቅላት ግድግዳ መርጬ ጨረስኩ።

ደኑን ለሚጠብቁልኝ ለአጎቴ ለጋሽ ሳህሌ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሐሙስ ከመንግሥት አንድ ሰው ይመጣል። ዛፎቻችንን ቆጥሮ ይመለሳል፣ ምንም አይድከሙ።»

«ከመንግሥት? እኛ ቤት?»

«አዎ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ነው።»

«ደጃችን የደረሰ እንግዳ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ጾሙን ሊመለስ? አባትህ እንዲህ አላሳደገህም። አንተ ሰውየውን ይዘህ ና፣ ሌላው የኔ ነው።»

ደስ ብሎኝ ስልኩን ዘጋሁ። እንዲህ ያለ አጎት ማን አለው እያልኩ ሦስት ቀን በሰላም ተኛሁ።

ሐሙስ ባለሙያውን ይዤ ሄድኩ። አቶ ጌትነት ይባላል፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ትሑት ልጅ ነው። ግቢው በር ላይ ስንደርስ ሽማግሌዎች ተሰልፈው ይጠብቁናል። ከኋላቸው ዳስ ተጥሏል። ምን ዳስ ነው የምትሉት... ሁለት ሠርግ ባንድ ቀን ያስተናግዳል! ቋሚዎቹ ቀጥ ያሉ፣ ለስላሳ፣ ልጣቸው ገና ያልደረቀ። ወደ ውስጥ ስንገባ ሽታው አፍንጫዬን መታው፤ ልጅ ሆኜ ጉንፋን ሲይዘኝ እናቴ የምታጥነኝ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ ነው።

ወደ ጓሮ ዞር ብዬ አየሁ። የጎረቤታችን የሽኩር ቤት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚያ ቦታ ሆኜ የሽኩርን ቤት አይቼው አላውቅም። በመካከላችን የቀሩት ሦስት ጎባጣ ዛፎች ናቸው፤ ለቋሚ ስለማይሆኑ ተርፈው ነው።

ክትፎው ቀረበ፣ ቆጮው ቀረበ። እንግዳው በላ፣ እኔ ግን የዳሱን ቋሚዎች እቆጥር ጀመር። በመጨረሻ አቶ ጌትነት እጁን ታጠበና ቅጹን አወጣ።

«እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ወደ ደኑ ብንሄድ?»

«ምን ያስኬድዎታል ጌታዬ?» አሉ ጋሽ ሳህሌ። «እዚሁ ቁጭ ብለው ይቁጠሩት። ቋሚው ይኸው፣ ማገሩ ከላይዎ ነው። የቀረው ጎመኑን አብስሏል።»

አጎቴን እጃቸውን ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁ። «ጋሼ፣ ምን አደረጉኝ? አባቴ የተከለው እኮ ነው።» አልደብቃችሁም፣ እንባዬ መጥቶ ነበር።

እሳቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ባሕር ዛፍ ሲቆርጡት ያቆጠቁጣል፣ ልጄ። እንግዳ አስርቦ የሸኘ ቤት ስም ግን አያቆጠቁጥም። አባትህ ቢኖር መጥረቢያውን ያቀብለኝ ነበር።»

እውነታቸውን ነው፤ ያቀብላቸው ነበር።

ስንመለስ አቶ ጌትነት ጣሪያውን እያየ እስክሪብቶውን ያኝካል። «መምህር፣ በደን ባለቤትነት ልመዘግብዎት አልችልም» አለኝ። «ዳስ የሚል ዓምድ የለንም።» ቀጥሎ ከቦርሳው ስር ሌላ ቅጽ ጎትቶ አወጣ። «የተራቆተ መሬት መልሶ ማልማት የሚል ግን አለ። የሱ ተጠቃሚ ችግኙ እጥፍ ነው፣ የሚተክሉ ሠራተኞችም ይላኩለታል። የእርስዎን መሬት ያየ ደግሞ አይከራከርም።»

ችግኙ በመኪና ተጭኖ መጣ። ዝግባው ጸድቋል። የራሱን ደን ሳይነካ በሥርዓት ያስቆጠረው ጎረቤታችን ሽኩር ግን እስካሁን «ተራ ጠብቅ» እንደተባለ ነው። ባለፈው እሑድ ደወለልኝ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ መምህር። ቆጣሪው ማክሰኞ እንደገና ሊያይልኝ ይመጣል።»

«ታዲያ ምን ልርዳህ?»

«ጋሽ ሳህሌን ሰኞ ላክልኝ። መጥረቢያ እኔ አለኝ።»