ከርከሮውና የሦስት ዳኞች ምላስ

ዳኛ ለመሆን እውቀት ያስፈልጋል የሚል ሰው ኳስ ሜዳ ሄዶ አያውቅም ማለት ነው። ሄዶ ቢያውቅማ፣ ሜዳው ውስጥ ፊሽካ ከያዘው ይልቅ አጥር ላይ የተንጠለጠለው ሕዝብ ሲፈርድ ያይ ነበር። እኔም የሥዕል ዳኛ የሆንኩት በዚሁ ሥርዓት ነው። ሥዕል አውቃለሁ? እኔ ላም ስስል ጠረጴዛ ይመስላል። የተመረጥኩት መርሳ ከተማ ካሉት ቢሮዎች ሁሉ ሰፊ ጠረጴዛ ያለው የኔ ቢሮ ስለሆነ ነው። ሥዕል መዘርጊያ ይፈልጋላ! ከጠረጴዛው ጋር አብሬ ተመረጥኩ።

ውድድሩ የዱር እንስሳትን እንጠብቅ እያለ ለሚታተም ቴምብር ነው። ከወረዳችን ከሀብሩ ከመጡት ሥዕሎች አንዱን መርጠን አዲስ አበባ እንልካለን፤ የኛ አንደኛ ቴምብር ላይ ይታተማል፣ ሠዓሊውም ሥዕል ትምህርት ቤት ይገባል። አብረውኝ የተሰየሙት ሁለት ናቸው። አንዷ የባዮሎጂ መምህርቷ አስካለ፣ ጾም ሲገባ የብስኩት መጠቅለያ ገልብጣ ወተት አለበት ወይ ብላ የምታነብ። ያን ሰሞን ደግሞ ጾም ነበር። ሌላው የውርጌሳው ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ሰይድ፤ ቀለም በመለየት ማን ይስተካከላቸዋል ተብለው።

በሕጉ መሠረት ሥዕሉ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ግን መርሳ ላይ የማንን እጅ ትደብቃለህ? ከርከሮውን ገና ሳየው የዘይነባ መሆኑን አወቅኩ። የከተማውን ታፔላ ግማሹን የጻፈች ልጅ ናት፤ የቢሮዬንም ጭምር። ታፔላዬን ስትቀባ አጫውታኛለች፤ አባቷ “ይሄ ቴምብር ካልሆነልሽ ብሩሹን ጥለሽ ሱቅ ትቀመጫለሽ” ብለዋት እሷም እሺ ብላለች። ያቺን እጅ ስኳር ስትመዝን ሳስባት ሆዴ ባባ።

ደግሞስ ምን ያለ ከርከሮ መሰላችሁ! ጥርሱ ወደ ላይ ተቆልምሞ፣ ጅራቱን እንደ አንቴና አቁሞ፣ ልጆቹን አስከትሎ ከማሽላ ውስጥ ብቅ ሲል። ሐጂ ራሳቸው “ማሻ አላህ! ማሽላዬን የበላው እሱ ነው፤ ዓይኑን አውቀዋለሁ” አሉ። አስካለም ፊቱ ላይ ያለው እብጠት እንኳ ቦታውን አልሳተም ብላ መሰከረች። የቀሩት ሥዕሎች ምኑ ይወራል? ከሁሉ ይሻል የነበረው ድኩላ ተብሎ የተላከ፣ ቀንድ የተዋሰ ፍየል ነው።

በቃ ከርከሮው አንደኛ ብዬ እስክሪብቶ ሳነሳ ሐጂ እጄን ያዙኝ። “ቆይማ ልጄ፣ ቴምብር እኮ ይላሳል” አሉ።

ነገሩ እውነት ነዋ! ቴምብር በምላስ ርሶ ነው የሚለጠፈው፤ ከርከሮ ደግሞ የአሳማ የአጎት ልጅ ነው። ሐጂ “አስተግፊሩላህ” አሉ፤ አስካለ አማተበች። ስለ ወሎ መቻቻል ስንት ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ እንደዚያን ቀን ባንድ አፍ ሲናገሩ ግን ሰምቼ አላውቅም። የሚላሰው ጀርባው እንጂ ሥዕሉ አይደለም ብል፣ አስካለ “የከርከሮ ጀርባ ከፊቱ በምን ተሽሎ?” አለችኝ። በውሃ ይነካ ብል፣ ሐጂ “አንተ በውሃ ትነካለህ፤ አገር ምድሩ ግን ይልሰዋል። ለዚያ ሁሉ ሰው ምላስ አኺራ ላይ እኔ ልጠየቅ?” አሉ። ዛሬ ማን ደብዳቤ ይልካል፣ ሁሉም በቴሌግራም ነው ብል ማን ሰምቶኝ! ሁለት ለአንድ ተረታሁ። ፍየሉ አንደኛ ወጣ። እኔም ነገ በዘይነባ ታፔላ ሥር በምን ዓይኔ እንደማልፍ እያሰብኩ ውጤቱን ጽፌ አሸግኩ።

የቴምብር ውድድር ነውና ውጤቱ በፖስታ ይላክ ተብሏል፤ ቴምብሮችም ተልከውልናል። ከኛ መሃል መለጠፍ የሚችሉበት ሐጂ ናቸው፤ ድሮ ጅዳ ላለ ወንድማቸው ይጽፉ ነበር። መነጽራቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ አንዱን ቴምብር አነሡ፣ አጥግበው ላሱት፣ ለጠፉትና በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። አስካለ ጎንበስ ብላ አየችና “ሐጂ፣ አይቆጡኝና… ይሄ ጅብ አይደለም?” አለች።

ጅብ ነው። ያለፈው ውድድር አሸናፊ፣ ከነጥርሱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄኔ ነው! ሐጂ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የውሃ ጆግ ይዘው በረንዳ ወጡ፤ ሲጉመጠመጡ ቆዩ። አሁን ጉድ ፈላ ብዬ ስጠብቅ፣ እየሳቁ ተመለሱ። “ቅደደው ያንን ፖስታ” አሉኝ። “ጅብ ልሼ ከርከሮ ብጸየፍ ፍርድ አይሆንም። የልጅቱ ይለፍ።” አስካለም ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት እጇን አወጣች። በሙሉ ድምፅ!

እልል ማለት ነበር የቀረኝ። ውጤቱን እንደገና ጽፌ አዲስ ፖስታ አሸግኩ። ፖስታችንን ወልድያ የሚያደርሰው ሚኒባስ ውጭ ጥሩምባውን ይነፋል። ቴምብሮቹን ባገላብጥ ሁሉም ጅብ። ጆጉን ባነሣው ባዶ፤ ሐጂ ለአፋቸው ጨርሰውታል። ቧንቧውን ብከፍተው ተንፍሶብኝ ዝም አለ። ዞር ብዬ ባልደረቦቼን አየኋቸው።

“እኔ ድርሻዬን ልሻለሁ” አሉ ሐጂ።

“እኔ ጾም ላይ ነኝ” አለች አስካለ።

ዘይነባ ዛሬ አዲስ አበባ ሥዕል ትማራለች፤ አባቷም ለሱቁ ሌላ ሰው ቀጥረዋል። ጅብ ምን ምን ይላል ለምትሉኝ ግን፣ ሙጫ ሙጫ ይላል።