የቦራ ዕድሜ

ሰንበቴ ገበያ ላም ገዝታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ሻጩ «አራት ዓመቷ ነው» ስላለ ብቻ አምኖ የሚገዛ እንደሌለ ታውቃላችሁ። ገዢው አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል። ሰው ይዋሻል፤ ጥርስ አይዋሽም። «ይህ የገበያ ልማድ አንድ ቀን ለኮምፒውተር ሥራ ይጠቅማል» ያለኝ ቢኖር ግን የእሱንም አፍ ከፍቼ ባየሁ ነበር።

ባለቤቴ ሰይድ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በጨፋ ሸለቆ እየዞረ ከብት ይከትብ ነበር። የከተበውን ሁሉ ስልኩ ላይ ይመዘግባል። እሱ ካለፈ በኋላ፣ ፕሮግራም መጻፍ ሥራዋ የሆነው ልጃችን ነኢማ፣ መዝገቡን ከተሰነጠቀው ስልክ አውጥታ አንድ ወጥ ዝርዝር ልታደርግልኝ ተቀመጠች። መዝገቡ ጄሰን በሚሉት አጻጻፍ ነው፤ ስም፣ ቀለም፣ ዕድሜ እያለ ይቀጥላል። እሷ ፕሮግራም የምትጽፍበት ቋንቋ ደግሞ እንደ ደረቅ ዘበኛ ነው፤ «ዕድሜ ቁጥር ነው» ብላ አንዴ ከነገረችው፣ ከቁጥር በቀር ማንንም አያስገባም።

የእኔ ሰው ግን መች ቁጥር ብቻ ይጽፋል! አንዷ ላም ጋ 4 ብሏል። ሌላዋ ጋ፣ «ቦርከና ሞልቶ ማሽላውን የወሰደ ጊዜ የተወለደች»። ሌላዋ ጋ፣ «አሮጊት ናት፣ ባለቤቷ እንዳይሰማ»። አንዳንዷ ጋ ጭራሽ ምንም የለም። ፕሮግራሙ በየእርምጃው እየተደናቀፈ ይቆማል።

«እማ፣ አባ ፈተነኝ» አለች እየሳቀች። «ቁጥር ያልሆነውን ልጣለው?»

«ማንን? አባትሽን?»

ሳቋን ዋጠች። ቁጥሩንማ ማንም ይጽፈዋል፤ የሰይድ ድምፅ ያለው ቃሉ ውስጥ ነው። እሱ ከተጣለ ምን ቀረኝ?

«አባትሽ ላም ሲገዛ መጀመሪያ ምን ያደርግ ነበር?» አልኳት።

«አፏን ይከፍታል።»

«ታዲያ አንቺስ?»

ጣቶቿ ኮምፒውተሩ ላይ ተንቀሳቀሱ። ለካ ይቻላል! ዕድሜ የተባለውን፣ ምንነቱን ሳትወስን፣ እንዳለ ትቀበለዋለች፤ ከዚያ የመጀመሪያዋን ምልክት ታያለች። አኃዝ ከሆነች ቁጥር ነው፤ የጥቅስ ምልክት ከሆነች፣ መዝገቡ ቃልን በጥቅስ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ፣ ቃል ነው። ለዘበኛው ሁለት በር ተሠራለት። ሱብሃን አላህ! የባሏ ቃላት አንድ በአንድ በሰላም ሲገቡ ቁጭ ብላ ያየች ሴት ከእኔ ሌላ ትኖር ይሆን?

«ባዶውስ?»

«ዝም ካልኩት ቋንቋው ዜሮ ይሞላበታል» አለች። «ግን ዜሮ የሆነና የሌለ አንድ አይደሉም፤ ለይቼ ማስቀመጥ አለብኝ።»

ለቅሶ የደረሰኝ ሰው ሁሉ ሊነግረኝ የሞከረውን ልጄ ከማሽን ሥራ እንዴት አገኘችው? በማዕዳችን የሰይድ ቦታ ባዶ ነው። ዜሮ ግን ሆኖ አያውቅም።

በመጨረሻ ዝርዝሩ ላይ የራሳችን ላም ቦራ መጣች። ዕድሜ፦ «ዘሃራ ታውቃለች።»

ዘሃራ እኔ ነኝ።

«በይ እማ፣ ንገሪኛ!» አለች ነኢማ።

ወላሂ አላውቅም። እኔ እሱ ያውቃል ብዬ አልጠየቅሁት፤ እሱም እኔ አውቃለሁ ብሎ አልጠየቀኝ። ላሚቱ በሁለታችን መተማመን መካከል ዕድሜ ሳይኖራት ኖረች።

«እንዳለ ተይው» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት በረት ገብቼ የቦራን መንጋጋ ያዝኩ። ከዚያ ጥርሷን ሳላይ ለቀቅኳት። ሰይድ «ታውቃለች» ብሎ ከጻፈልኝ፣ ጥርስ ቆጥሬ ውሸታም ላድርገው እንዴ?