የወዳጆ ባና ሦስት ሜትር የሆነበት ዓመት

ከእድገቱ በፊት የነበረው ሁኔታ በትክክል ሊመዘገብ ይገባል። በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ፣ ከሞላሌ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ አንዲት የመንዝ ከተማ፣ የወዳጆ የባና ሥራ የሚከተለው ሀብት ነበረው፦ አንድ የሽመና ጉድጓድ፣ ጥቀርሻ የለበሰ በርሜል፣ የሚስቱ የጥሩሸዋ እንዝርት፣ እንዲሁም ሁለት እግሮች። እግሮቹ የወዳጆ አልነበሩም። የሚስቱ ወንድም የኃይለመስቀል ነበሩ።

ጥሩሸዋ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ ወዳጆ ይሸምናል፤ ከጉድጓዱ ለብርድ የሚደረብ ሦስት ሜትር ባና ይወጣል። ባናው በሙቅ ውሃ ይነከርና ኃይለመስቀል ሱሪውን ጠቅልሎ ሲረግጠው ይውላል። ሲረገጥ ጠጉሩ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ይጠብቃል፣ ይሰበሰባል፤ ማታ ሁለት ሜትር ሆኖ ይወጣል። በዚህ ሁለት ሜትር በኩል ማለፍ እንደማይቻል የመንዝ ብርድ ከወዳጆ አያት ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። ገበያተኛውም "የማን ነው?" ይላል፤ "የወዳጆ" ከተባለ ሳይዳስስ ይገዛል። ከእነዚህ ሌላ ወዳጆ የነበረው ሀብት ይህ ስም ብቻ ነበር። ስም ሼድ እንደማያሰጥ ግን ገና አልተረዳም ነበር።

ሼድ ማለት ለጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ከመንገዱ ዳር የተሠራው ባለ ቆርቆሮ የሥራ ቤት ነው። አራት ጉድጓድ ይይዛል። ወዳጆ በደጁ ባለፈ ቁጥር በልቡ ጉድጓዱን እየቆፈረ፣ ሸማኔ እየቀጠረ፣ የሰነፈውንም እያባረረ ነበር የሚያልፈው። ችግሩ፣ ሼዱ የሚሰጠው እድገት ላሳየ ብቻ ነው።

እድገቱን ሊለካ የመጣው የወረዳው ጥቃቅንና አነስተኛ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ አቶ በዕውቀቱ ነው። ብርቱ ሰው ነው፤ ባና ሲሠራ አይቶ ባያውቅም ስለ ባና ሥራ ሁለት ጊዜ ሥልጠና ሰጥቷል። ጠዋት ሜትሩን ዘርግቶ ለካ። ማታ ተመልሶ ለካ። ፊቱ ተለወጠ።

"አቶ ወዳጆ፣ ጠዋት ሦስት ሜትር ነበርዎት።"

"አዎን።"

"አሁን ሁለት ነው። አንዱ ሜትር የት ሄደ?"

ወዳጆ ኃይለመስቀልን አየው። ኃይለመስቀል እግሮቹን አየ።

"ውስጡ ገባ" አለ ኃይለመስቀል።

"የምን ውስጥ?"

"የባናው ነዋ!"

"በማን ትእዛዝ?"

በዕውቀቱ በትዕግሥት አስረዳ። የምርቱ ሲሶ በየቀኑ በርሜል ውስጥ እየባከነ ነው። ብክነት የእድገት ማነቆ ነው። ማነቆውም፣ ሲናገረው ልቡ እያዘነ፣ የአንድ ቤተሰብ እግር ነው። መርገጥ ቢቀር ግን ጠጉር ሳይጨመር፣ ሠራተኛ ሳይቀጠር፣ ምርት በአንድ ጀምበር ሃምሳ በመቶ ያድጋል፤ ሼዱም የወዳጆ ይሆናል።

ጥሩሸዋ እንዝርቷን አቁማ ወደ ባለሙያው ዞረች። "ወንድሜ፣ ያልተረገጠ ባና ብርድ ይከለክላል?"

"እትዬ፣ በዕቅዱ የተያዘው ሜትር ነው። ብርድ አልተያዘም።"

ወዳጆ ያልተረገጠ ባና ወንፊት መሆኑን ያውቃል። ሼዱንም ያውቃል። ሁለቱን ዕውቀቶች ቢያመዛዝን አንደኛው ቆርቆሮ ነበረው።

"አባቴ ግን ሁልጊዜ ያስረግጡ ነበር" አለ ወዳጆ።

"አባትዎ መካከለኛ ደረጃ ደርሰዋል?"

"አልደረሱም።"

"አዩ!"

በዚህ ማስረጃ መርገጥ ተሻረ። ኃይለመስቀልም ሜዳ ላይ እንዳይወድቅ የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ ተብሎ ተሾመ።

"ጋሼ፣ ምን ልሥራ?"

"ተቀመጥና ጥራቱን ጠብቅ።"

"ከማን?"

"ከእግርህ።"

ጥር ሳይወጣ ሃምሳ በመቶው ተመዘገበ። ወዳጆ ኮት ገዛ፤ ደረት ኪሱ ላይ እስክርቢቶ ሰካ፤ "ራዕይ" ማለት ጀመረ። ከዚህ በኋላ እኛም አቶ ወዳጆ እያልን በአንቱታ እንጠራቸዋለን፤ እድገትን አለማክበር ነውር ነው። አንተ ማለቷን ያልተወችው ጥሩሸዋ ብቻ ናት።

የመጀመሪያውን ቅሬታ ያቀረቡት ቄስ ኪዳነ ወልድ ናቸው። አዲሱን ባና በክንዳቸው ይዘው መጡ።

"ልጄ ወዳጆ፣ ይህን ለብሼ ማኅሌት ቆምሁ። እስኪነጋ እኔና ነፋሱ ለሁለት ለበስነው።"

"አባ፣ ሜትሩ አነሰዎት?"

"ሜትሩስ ይተርፋል። ወደ ፀሐይ ብይዘው ማዶ ያሉትን በጎች ቆጠርሁበት።"

"እሱ ግልጽነት ነው፣ አባ። የድርጅታችን መርሕ ግልጽነትና ተጠያቂነት…"

"ተጠያቂውሳ ማን ነው?"

የጥራት ኃላፊው አቀርቅሮ ወደ ደጅ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ሞላሌ ገበያ ላይ አንዲት ሴት "የወዳጆ ነው" የተባለችውን ባና በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው። አቶ ወዳጆ ቆመው አዩ። የቤታቸው ባና ሲዳሰስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያን ቀን ነበር። እራት አልበላ አላቸው። "ሼዱ እጄ ይግባ እንጂ ወዲያው አስረግጣለሁ" አሉ ለሚስታቸው።

"እስከዚያ ስምህ ካለቀሳ?" አለች ጥሩሸዋ።

ስሙ ከማለቁ በፊት ሰኔ ደረሰና የሼዱ ርክክብ ቀን ተቆረጠ። ሼዱን የሚሰጠው ኮሚቴ ሰብሳቢና ምክትላቸው ያሉበት ሃያ እንግዶች ተጠሩ። ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሜትር ባና ተደረበላቸው፤ ጫፉ መሬት ይጠርጋል። ሼዱ ውስጥ ለሻይ የሚሆን ውሃ በበርሜል ተጥዶ ነበር። አቶ በዕውቀቱ ከደጅ ቆሞ ንግግሩን ጀመረ።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ…"

የለበሱት ባና ድር ግን ገና አላበረም። ነፋሱ ከፊት ገብቶ ያለ ፈቃድ በጀርባ ይወጣል። እንግዶቹ ጥርሳቸውን እያንቀጫቀጩ አጨበጨቡ። "እድገታችን ወደ ኋላ የማይመለስበት ደረጃ…" ሲባል በረዶ ወረደ።

የመንዝ በረዶ ፕሮቶኮል አያውቅም። ሃያውም እንግዶች በአንዷ በር ተጋፍተው ሼዱ ውስጥ ገቡ። በግፊያው ለብ ማለት የጀመረው በርሜል ተገለበጠ። ውሃ የጠጣው ባና ከበዳቸውና ከየትከሻቸው ወለሉ ላይ ወደቀ። በረዶው አላባራ አለ፤ ብርዱ በእግር ገባ፤ መውጫ የለም። ስለዚህ እንደማንኛውም የበረደው ሰው እግራቸውን ይመቱ ጀመር። ሰብሳቢው ረገጡ። ምክትላቸው ረገጡ። አቶ በዕውቀቱም ንግግሩን በእጁ እንደያዘ ረገጠ።

ኃይለመስቀል በኃላፊነቱ ልክ ከጥግ ሆኖ ጥራቱን ይጠብቅ ነበር። ከዚያ አልቻለም።

"በተረከዝ! በተረከዝ ነው እንጂ! ክቡር ሰብሳቢ፣ ያ ጥጉ አልተነካም!"

"እዚህ ጋ?" አሉ ሰብሳቢው፤ ሳያስቡት።

"እሱ ጋ! አገላብጡት፣ ድገሙት!"

ጥሩሸዋ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። አቶ ወዳጆ ግን አልሳቁም። ከመኳንንቱ ጫማ ሥር ጠጉሩ ሲያያዝ፣ ባናው ሲወፍር እያዩ ነበር፤ ከመስከረም ወዲህ ልባቸው እንደዚያ ሞቆ አያውቅም።

በረዶው ሲያባራ ባናዎቹ ተጨምቀው እሳት ላይ ተያዙና ተለበሱ። ነፋሱ መጣ፤ ነካ አድርጎ ተመለሰ። ሰብሳቢው አንገታቸው ድረስ ተጠቀለሉ። "ይኼ ነው እንጂ ባና!" አሉ።

ያን ጊዜ አቶ በዕውቀቱ ሜትሩን አወጣ። ሃያውንም አንድ በአንድ ለካ። ሁለት ሜትር፣ ሁለት ሜትር፣ ሁለት ሜትር።

ኮሚቴው እዚያው ቆሞ ተሰበሰበ። የድርጅቱ ምርት በአንድ ሰዓት ውስጥ በሲሶ ወርዷል፤ በዚህ ፍጥነት ያሽቆለቆለ ድርጅት በወረዳው ታሪክ አልታየም። ሰብሳቢው ባናውን ከአገጫቸው ሥር ይበልጥ አጥብቀው ሼዱ እንዲነጠቅ ወሰኑ። በሞቀ ስሜት ነው የወሰኑት።

ወዳጆ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ፤ አንቱታውን ከሼዱ ጋር አስረክቧል። ኃይለመስቀል ከኃላፊነቱ ወርዶ በርሜል ውስጥ ገባ። እነዚያን ሃያ ባናዎች የመለሰ እንግዳ የለም፤ ለብሰዋቸው ሞላሌ ገበያ ስለሚዞሩም ሰዉ "የማን ነው?" ማለት ጀምሯል።

ሼዱ የጽሕፈት ቤቱ ንብረት ማስቀመጫ ሆነ። በዓመቱ መጨረሻ አቶ በዕውቀቱ ገብቶ በውስጡ የተደረደሩትን ስልሳ የፕላስቲክ ወንበሮች በሜትር ለካ። ከስልሳው አንዱም አልቀነሰም።