ምራቂው ፈረስ

ምራቂ ሳይጠይቅ ከገበያ የሚወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ምራቂ እኔም እወዳለሁ፤ ግን ከተገዛው ዕቃ ከበለጠ ምኑ ላይ ነው ምራቂነቱ?

እዚህ አሰላ ጎረቤቴ ዘይቱና የተቃጠለ ሞተር ትጠግናለች። ከሞተሩ በሚወጣው የመዳብ ሽቦ ደግሞ አውራ ጣት የሚያህሉ ፈረሶች ትሠራለች። ባለፈው እሷ ጋ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ የሳጉሬ ባለወፍጮ ሞተሩን ሊወስድ መጣና ስትለፋበት የሰነበተችውን ፈረስ ብድግ አደረገ።

«ይቺን መርቂልኝ፤ ያው ሽቦ አይደለች?»

ዘይቱናን ይሉኝታ ያዛት። እኔ ግን ይሉኝታ አላውቅም። ከወለሉ አንድ እፍኝ ሽቦ አንስቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ያው ሽቦ ከሆነማ ይኸው ሽቦ! ፈረሱን ራስህ አውጣው።»

«ምን ይከብዳል እማማ?» ብሎ ተቀመጠ። ጠመዘዘ፣ ፈታ፣ ጣቱን ወጋው፣ ላቡ ወረደ። በመጨረሻ አንድ ነገር በአራት እግሩ አቆመ።

«ፍየሉ ያምራል ጋሼ» አለች ዘይቱና።

«ፈረስ ነው እኮ!»

በሳቅ ፈረስን፤ እሱም አብሮን ሳቀ። ከዚያ የዘይቱናን ፈረስ ዋጋ ጠይቆ ሳይከራከር ገዛ። ሊወጣ ሲል ግን ልማዱ ያዘው።

«ምራቂስ?»

ፍየሉን ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት።