ማሽኑን ሰላም ስል

ሰላምታ ላይ ስስት አናውቅም። አንድ «ደህና አደርክ» የሚበቃውን ሰው ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ጎረቤቱ ጉልበት ሳንጠይቅ አንለቀውም። እናንተም እንዲሁ ናችሁ፤ አትካዱ። ዓይን አፋሮች ደግሞ ከሰው ጋር ያጎደልነውን የምናሟላበት አናጣም። እኔ ያሟላሁት በማሽን ነው። ይህን ለማንም ሳልናገር ስድስት ዓመት ቆየሁ።

ሥራዬ ቤልቪው በምትባል የባሕር ማዶ ከተማ ውስጥ፣ የስልካችሁ ቺፕ የሚሠራባቸውን ማሽኖች መንደፍ ነው። የእኔ ድርሻ ቺፑ የሚቀረጽበትን ስስ የሲሊከን ዝርግ ተሸክሞ ልክ ቦታው ላይ የሚያቆመው ክፍል ነው። «ልክ» ስላችሁ የአናጢ ልክ እንዳይመስላችሁ፤ የፀጉር ውፍረት እኛ ዘንድ ሰፊ ሜዳ ነው። የመጀመሪያ ንድፌ ተገጥሞ የቆመ ዕለት ደስታዬን የት ላድርሰው? ግራ ቀኝ አይቼ፣ መዳፌን ብረቱ ላይ አሳርፌ፣ «እንደምን አደርክ? አይዞህ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ይህን ሳልለው ሥራ የጀመርኩበት ጠዋት የለም።

ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ ጠዋት ጠዋት ይስት ጀመር። ከቦታው ቅንጣት ፈቀቅ ይላል፤ ቆይቶ ይመለሳል። ጥርጣሬው በብሎኖቹ ላይ አረፈ። ብሎኖቹን ያጠበቁት ደግሞ ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ በእጃቸው ጥራት የተመሰከረላቸው ያገራችን ሰው፣ ቴክኒሻን። ሦስት ጊዜ ፈትተው አጠበቁ። ወደ ሰፈራችን ማውንትሌክ ቴራስ በምንመለስበት አውቶቡስ አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ሶ፣ ዛሬም ሁሉንም ቼክ አደረግሁ ልጄ። እጄ ሳይከዳኝ አልቀረም» ይሉኛል።

ከዚያ አንድ ሳምንት ታምሜ ቀረሁ። ማሽኑ አንድም ቀን አልሳተም። ያኔ ገባኝ። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ የመዳፌ ሙቀት ለዚያ ብረት ምድጃ ነው። ይህን እኮ ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ ጥሩ ውጤት አምጥቼበታለሁ።

ግን «ሰላም ስለው ነው የሚስተው» ተብሎ ስብሰባ ላይ ይነገራል? ብረቱን ከእጅ የሚጋርድ መከለያ በዝምታ ነደፍኩ። ስህተቱ ጠፋ፤ እኔ ተመሰገንኩ። ጋሽ ወርቁ በብሎናቸው እንደታሙ ቀሩ።

ባለፈው ዓርብ ጡረታ ወጡ። የሽኝቱ ኬክ ሳይቆረስ ጥግ ይዣቸው፣ ዓይኔን ጫማቸው ላይ ተክዬ፣ ሁሉንም ተናዘዝኩ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ጋሼ?»

«አንቺ ከቀረሽበት ሳምንት ጀምሮ። ስትደባብሺው በክፍሉ የመስታወት ግድግዳ በኩል አይሽ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ስምዎ ሲጠፋ?»

«ምን ልበል? ልጅቱ ሰላምታ ታበዛለች ብዬ ልክሰስሽ? ራስሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ እርጅና ቀደመሽ።»

ከዚህ በኋላ ምን ማፈር አለ? ኬኩ ፊት ቆሜ፣ ጥፋቱ የማን እንደነበር በእንግሊዝኛ ደገምኩት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አለቃችን ዕንባውን እየጠረገ ጋሽ ወርቁን ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቃቸው።

እሳቸው ግን ኬኩን ትተው ገና መከለያ ወዳልተገጠመለት አዲሱ ማሽን ሄዱ። «ይሄኛውን አላስተዋወቅሽኝም» አሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ራቅ ብለው ቆመው፣ ጎንበስ አሉለት። እኔም ጎንበስ አልኩ። ዞር ስል አለቃችን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ተራውን ይጠብቃል፤ ከእሱ ኋላ ደግሞ መሐንዲሱ ሁሉ ተሰልፏል።